አቪ ያቃናው ተራራ

ቀለም ሸተተኝ። የኩፓት ሆሊሙን በር ገፋ አድርጌ ስገባ፣ ገና ከወረፋው ሳልደርስ፣ አዲስ የተቀባ ግድግዳ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሌላ ሰው ቢሆን “እሰይ፣ ክሊኒኩ ፀዳ” ብሎ ያልፍ ይሆናል። እኔ ግን በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ፤ ከኋላዬ የመጣችው ሩሲያዊት አሮጊት በገበያ ጋሪዋ ቁርጭምጭሚቴን እስክትገጨኝ ድረስ። የመጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ድፍን ነጭ ሆኗል። ትልቁን የተራራ ፎቶ አውርደው ወለሉ ላይ አስደግፈውታል፤ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ከሚስማሩ ወደ ግራ፣ ዝቅ ብሎ፣ እናቴ ስትዳብሰው የኖረችው ቦታ ነበር፤ እጇ ያወዛው፣ እጇ ያጠቆረው ቦታ። እሱም የለም። ደሜ ፈላ። “ሰው ሲያረጅ ይበርዳል” የሚሉ ይዋሻሉ፤ እኔ ጥርሴ በረገፈ ቁጥር ቁጣዬ ይበቅላል። አንድ ቀለም ቀቢ አንድ ግድግዳ ቢቀባ ምን አንገበገበሽ የሚለኝ ይኖራል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ከአቪ ፎቶ ቤት ልጀምርለት።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ፊልም ሊወጣ፣ ዲጂታል ሊገባ፣ ሁለቱ በር ላይ የተጋፉበት ዘመን ነበር። በየሱፐርማርኬቱ በር ቦርሳችንን ከፍተን የምናሳይበት፣ አውቶቡስ ውስጥ በሙቀት ኮት የደረበ ሰው ሲገባ ፈንጂ ታጥቆ ይሆን ብለን ሁላችንም ትንፋሻችንን የምንይዝበት ዘመን። ስለሱ ሌሎች ይጻፉ፤ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የማስታውሰው ሹኩ፣ ገበያው፣ ዳር ግማሽ ፒታ ፈላፈል በአምስት ሸቀል ሲሸጥ ነው፤ ሻጩ የመናዊ ሽማግሌ ለኛ ሰዎች ሳንጠይቀው ቃሪያውን ያበዛልን ነበር። ልጃገረዶቻችን እግሩ የሰፋ ጂንስ ለብሰው አስፋልቱን ይጠርጋሉ፤ ወንዶቹ ጸጉራቸውን በጄል አቁመው ኪካሩ፣ አደባባዩ፣ ላይ ይንጎማለላሉ፤ ወላጆች ከአግዳሚው ወንበር ላይ ሆነን “ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም” እያልን እናያቸዋለን። ወደ ጎንደር የምንደውለው በሚፋቅ ካርድ ነበር። በሳንቲም ፍቀን፣ ያንን ሁሉ ቁጥር ነክተን፣ “ሃሎ! ትሰሚኛለሽ? ሃሎ!” ስንባባል ካርዱ ያልቃል። አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ የነበረው የኛ ሰው ሱቅ በርበሬና የማሲንቆ ካሴት ጎን ለጎን ይሸጥ ነበርና፣ የተገዛው ካሴት ቤት ሲገባ በርበሬ በርበሬ ይላል። ናታንያ፣ ነቬ ኢታማር በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው ፎቃችን ላይ፣ እናቴ ያንን ካሴት ከፍታ ልብስ ስታጥፍ ታለቅስ ነበር። ዘፈኑ የፍቅር ነው፤ እሷ የምታለቅሰው ግን ለውዴ ነበር።

ውዴ ታናሽ እህቴ ናት። ከቀያችን ነቅለን ወደ ጎንደር ከተማ ልንወርድ በተሰናዳንበት ክረምት ንዳድ ያዛትና ሞተች፤ ገና የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ። ቀበርናት፣ ሐዘኗ ሳይወጣ ተነሥተን ሄድን። እኛ ዘንድ ሙት ከሰፈር መሀል አይቀበርም። ሙት ያረክሳልና ከቤቶቹ ራቅ አድርገው፣ ከመንደሩ ዳር ነው የሚያሳርፉት። ውዴም ከቤቶቹ በስተግራ፣ ቁልቁል ዝቅ ብሎ፣ ካንዲት ወይራ ሥር የድንጋይ ክምር ተደረገላት። አባቴ ነጭ ነጩን ድንጋይ መርጦ ከላይ ደረደረው፤ ከሩቅ እንድትታይ ብሎ። እናቴ እስራኤል ከገባን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። ቤቱ ጠበበኝ አላለች፣ ቋንቋው ከበደኝ አላለች፣ ጉልበቴን ደረጃው ጨረሰኝ አላለች። “ያች ወይራ ቆማ ይሆን? ወይስ ቆርጠዋት ልጄ ፀሐይ ላይ ወጥታ ይሆን?” ይህንኑ ነው የምትለው።

እኔ የምሠራው ከኪካሩ ሽቅብ በሚወስደው መንገድ ጥግ፣ አቪ በሚባል ሰው ፎቶ ቤት ነበር። ዛሬ እዚያ ቤት የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል፤ ጎኑ የነበረው ጫማ ሰፊ ፈረንሳዮች የሚሰለፉበት ዳቦ ቤት ሆኗል፤ ስገባ ስወጣ ባሕሩን የማይበትን ክፍተት ደግሞ ፎቅ ዘግቶታል። ያኔ ቤቱ የፊልም ማጠቢያው ኬሚካል ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸትበት ጠባብ ክፍል ነበር። ጉርድ ፎቶ የሚነሡ ወታደሮች፣ ለበጋ የመጡ ቱሪስቶች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቬሏቸው በባሕር ነፋስ እየተገለበጠ የተነሡ ሙሽሮች፣ ሁሉም በእጄ ያልፋሉ። የኛ ሙሽሮች ደግሞ ከኋላቸው ፏፏቴ እንዲገባላቸው ይጠይቁኛል፤ በኮምፒውተር አስገባላቸዋለሁ። ናታንያ ቆመው ፏፏቴ ሥር ሲገኙ ደስታቸው! አቪ ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ረግሜው ባረፍሁ። ሻይ ያፈላልኛል፣ በበዓል ወይን ይሰጠኛል፣ ልጄ ስትታመም ሂጂ ይለኛል። ብቻ ስሜን “ሲንዲ” አደረገው። የሩሲያውያን ደንበኞቹን ስም ከነአባታቸው ይጠራል፣ ስንዱ ማለት ግን ከበደው። እኔም ዝም አልሁ፤ ዝም ማለት ያኔ እችልበት ነበር።

በዚያ ሰሞን አቪን አንድ ልክፍት ያዘው። ኢንተርኔት ላይ የፎቶ ማከማቻ ተከፍቷል አለኝ። መልክዓ ምድር አንሥተሽ ትልኪያለሽ፤ ባሕር ማዶ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ ያየዋል፤ ካለፈ ይሰቀላል፤ ከዚያ ጋዜጣውም፣ ካላንደር አታሚውም፣ ግድግዳው የራቆተበት መሥሪያ ቤትም እየገዛ ይወስዳል። ዓርብ ዓርብ ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋና ቃዲማ ወርዶ የእንጆሪ እርሻ፣ ኤቨን የሁዳ ሄዶ የብርቱካን ተክል፣ አለዚያም ገደሉ ጫፍ ቆሞ ባሕሩን ያነሣል። ተቆጣጣሪው ግን ይመልስበታል። አድማሱ አጋድሏል። ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ አለ። ጥላው ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። ቀለሙ ከልክ በላይ ደምቋል። የዛፎቹ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ መስመር ይታያል። አቪ በያንዳንዷ ይንጨረጨርና ፎቶውን ለኔ ይጥልልኛል።

ሥራዬ ነጠብጣብ ማደን ሆነ። ሌንስ ሲቀየር ካሜራው ሆድ ውስጥ ብናኝ ይገባል፤ በዓይን አይታይም፣ ፎቶው ሰማይ ላይ ግን ግራጫ ክብ ሆኖ ይቀመጣል። ፎቶውን እስከ መጨረሻው አሰፋና ሰማዩን ጥግ በጥግ እንደ ምስር እለቅመዋለሁ። ካሜራው በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ይሁን፣ በቀትር አታንሺ፣ ጥርት ይበልልኝ ብለሽ በኮምፒውተር አታስጨንቂው፣ ሌንሱን ነፋስ ላይ አትክፈችው። ሁሉንም አወቅሁ። ከሁሉም በላይ ባሕሩን። “ሲንዲ፣ ባሕሩ ካጋደለ ውኃው ከፎቶው ሊፈስ ነው። አድማሱ ላይ መስመር አስምሪበት፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ያቃናዋል” ይለኛል። ልክ ነበር። ለናታንያ ባሕር ልክ ነበር።

ኋላ ጎንደር ያለች አክስቴ ጠናባትና ልጠይቃት ልሄድ ሆነ። አቪ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። “የናንተ አገር ተራራ እኮ ማከማቻው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል!” ብሎ ትልቁን ካሜራ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። እናቴ ደግሞ ልብሴን ሳስተካክል መጥታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች።

“ስንዱ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ።”

“በይ እምዬ።”

“የውዴን ቦታ ፎቶ አንሥተሽ አምጭልኝ። ብቻዋን ግን እንዳታነሻት። መቃብር ብቻውን አይነሣም፣ ሌላ ሙት ይጠራል። ከነቤቱ፣ ከነሰፈሩ አድርገሽ አንሻት። ከሰው ጋር ትሁንልኝ።”

“ቀረብ ብዬ ላንሳት?”

“ኧረ ወዲያ! ሙት ቀርበሽ፣ ረክሰሽ የሰው ቤት ልትገቢ ነው? ከማዶ ሁኝና አንሻት። እኔ እንደሁ ዓይኔ ደኅና ነው፣ ከማዶ አያታለሁ።”

ከማዶ ሆኜ አነሣኋት። ያ ተራራችን ዘማማ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ያጋደለ፣ ሲፈጠርም እንደዚያው የተፈጠረ። ቤቶቹን መሀል አደረግሁ፤ ሙት ከሰፈር ዳር ነውና ውዴ ግራ ጠርዝ ላይ ሆነች። ወይራዋ ቆማለች! ከነቅርንጫፏ ቆማለች፣ ከሥሯም የአባቴ ነጭ ድንጋዮች። ነፋሱ ካሜራውን ያወዛውዘው ነበር፣ ዓይኔም እንባ አቅርሮ ነበር። ደጋግሜ ተጫንሁ። ወዲያው ጭጋግ መጥቶ ተራራውን ዋጠው፤ እስክመለስም አልገለጠልኝም። ማታውን በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት እያሰፋሁ አየኋቸው፤ ሁሉም ተንቀጥቅጠዋል፣ አንዷ ብቻ ጥርት ብላ ወጥታለች። አውሮፕላኑ ውስጥ ካሜራውን ታቅፌ መጣሁ፤ አስተናጋጇ ከላይ ልስቀልልሽ ብትለኝ ተቆጣኋት።

የገባሁት በዳስ በዓል ዋዜማ ነው። ካሜራው የአቪ ነው፣ በበዓሉ ይፈልገዋልና ከአውሮፕላን ጣቢያው በቀጥታ ሱቁ ወስጄ አስረከብሁት። “አንዷን ለእናቴ በትልቁ አትምልኝ፣ በዓሉ ሲያልፍ ይዣት እመጣለሁ” አልሁት። “ምን ችግር አለ” አለ። አምኜው ሄድሁ። አሁን “ጥፋቱ የኔም ነበር” እንድል የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ። አደራ የሰጠ ሰው አይወቀስም፤ የሚወቀሰው አደራ የበላው ነው።

በዓሉ ሲያልፍ እናቴ ገላዋን ታጥባ፣ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አድርጋ ጠበቀችኝ። “ምነው እምዬ፣ ፎቶ እኮ ነው የምናየው” ብላት፣ “ልጄን ላያት ነው፣ ምን ሆኜ ልሂድልሽ?” አለችኝ። የአውቶቡሱ ሹፌር ነጭ በነጭ ሆና ሲያያት ሠርግ መስሎት “ማዛል ቶቭ!” ብሎ እንኳን ደስ አለሽ አላት። እሷም አሜን አለችው። መንገዱን ሁሉ መሀረቧን ስትጠቀልል ስትፈታ ነበር።

ገና በሩን ስንከፍት አቪ ጥርሱን ገልፍጦ ብድግ አለ። “ሲንዲ! አለፈ! በመጀመሪያው አለፈ! አንድም ነገር አላወጡበትም!” ብሎ በትልቁ ያተመውን ፎቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። እናቴ ጎንበስ ብላ አየች። አንገቷን ወደ ግራ ዘመም አድርጋ እንደገና አየች።

“ይህ የማን አገር ነው?” አለችኝ።

እኔም ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ተራራው ቀጥ ብሏል። ያ ዘማማ ተራራ እንደ ባሕር ለጥ ብሏል። አቪ የተራራውን ጀርባ አድማስ ነው ብሎ መስመር አስምሮበት፣ ኮምፒውተሩ አቃንቶታል። ተራራው ሲቃና ቤቶቹ በሙሉ ወደ ግራ አዘንብለዋል፤ ለቅሶ ቤት አምሽቶ ጠላ እንዳበዛ ሰው ተንጋደዋል። ግራጫው ሰማይ ሰማያዊ ተደርጓል። ፎቶ ሲዞር ደግሞ ማዕዘኖቹ ይቆረጣሉ። ወይራዋ የለችም።

“ውዴስ?” አለች እናቴ። “ስንዱ፣ ውዴስ?”

“አቪ፣ ግራው ጥግ የት ሄደ?” አልሁ በዕብራይስጥ።

“አጋድሎ ነበር፣ አቃናሁት። ሲቃና ጥጉ እንደሚሄድ ታውቂ የለም? ደግሞ እዚያ ጋ ነጫጭ ነገር ነበር፣ ዓይን ይረብሻል። ጥሩ ሆነ፣ አብሮ ወጣ።”

ነጫጭ ነገር! የአባቴ ድንጋዮች! “ዋናውን ስጠኝ” አልሁት።

“የተቃናውን እዚያው በዋናው ላይ ነው ያስቀመጥሁት።”

“ሌሎቹስ?”

“የተንቀጠቀጡትን? ሰረዝኋቸው እንጂ። ጥራት የላቸውም ሲንዲ።”

“የካሜራው ካርድስ?”

ካርዱን ባዶ አድርጎ በበዓሉ የባሕር ጀንበር ሞልቶበታል። የእህቴን መቃብር በጀንበር ሸፈነው፤ ያውም ደጃፋችን ላይ በየማታው በምትጠልቅ ጀንበር! ኋላ አውቶቡስ ጣቢያ ዘንድ ኮምፒውተር ለሚጠግን ሰው ወሰድሁለት፤ በላዩ ስለተነሣበት ምንም አይወጣም አለኝ። ያን ቀን ግን ይህን አላወቅሁም፣ የማውቀው እናቴ አጠገቤ ቆማ አንዴ ፎቶውን አንዴ እኔን እንደምታይ ብቻ ነው።

“ለምን አልጠየቅኸኝም?” አልሁት። ድምፄ መንገድ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

“አጋድሎ ነበር እኮ።”

“ተራራው ነው ያጋደለው! አገሩ ነው ያጋደለው! አንተ ምን ቤት ነህ የምታቃናው?”

ፊቱ ቀላ፣ ይቅርታ አለ፣ ውኃ ቀዳልኝ፣ ከሽያጩ ድርሻ ልስጥሽ አለኝ። ጭራሽ ድርሻ! ዛሬም ሳስበው የሚያቃጥለኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም፣ ያ ባሕር ማዶ የተቀመጠው ተቆጣጣሪም ነው። ሰማይ ላይ ያለች ብናኝ አይቶ ስንቱን ፎቶ ሲመልስ የኖረ ሰው፣ መንደር ሙሉ ተንጋዶ ሲወድቅ አላየም። ሰው ቤት እንዲያ አዘንብሎ ይሠራል? ጢስ እንኳ ወደ ጎን ሲወጣ አላየም? የነሱ ጥራት ይኸው ነው፤ ብናኟን ይይዛሉ፣ አገሩን ይለቃሉ። አድማስ የሚባል ነገር እኮ እኛ አገር የለም። ዳገትና ቁልቁለት ነው ያለን፤ ለጥ ያለ ነገር ብታዩ የጋን ውስጥ ውኃ ነው።

እናቴ እጄን ያዘችኝ። “ተይው፣ አትጩሂበት። እሱ ምን ያውቃል” አለች። አቪ ፎቶውን ጠቅልሎ ሲሰጣት በእጇ መለሰችለት። አውቶቡስ ውስጥ መሀረቧን መልሳ እየጠቀለለች፣ “ወይራዋን ግን አየሻት?” አለችኝ።

“አየኋት እምዬ። ቆማለች።”

“በይ በቃ” አለች። አልበቃትም። እኔ ያየሁትን አየች ማለት አይደለማ። ጥልፍ ቀሚሷን አጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው፤ ካሴቱንም ከዚያ ወዲያ ስትከፍት አልሰማሁም። እኔም ሥራውን ጥዬ ወጣሁና የአረጋውያን ቤት ውስጥ አሮጊቶች ማጠብ ያዝሁ። እነሱ ቢያንስ ሲያጋድሉ ትራስ ነው የምናደርግላቸው።

“ተመልሰሽ ለምን አላነሣሻትም?” የሚሉኝ አሉ። ለመመለስ ስሰናዳ፣ ዘመዳችን በስልክ ነገረኝ። መንገድ ሠሪዎች መጥተው ያንን ዳገት በግሬደር ጠርበውታል፤ ወይራዋም ድንጋዩም ከአፈሩ ጋር ተገፍቶ ወንዝ ገብቷል። ይህን እየነገረኝ የስልክ ካርዱ አለቀ። ለእናቴ አልነገርኋትም፤ ዛሬም ደግ አደረግሁ እላለሁ። ለሷ ወይራዋ እንደቆመች ናት።

ከዚያ ስንት ዓመት አለፈ። ጂንሱ ጠበበ፣ ካሴቱ ጠፋ፣ የሚፋቀው ካርድ ጠፋ፣ ፈላፈሉ ተወደደ። ክሊኒካችንን አደሱትና አንድ ጥዋት እናቴን ለደም ግፊቷ ይዣት ስገባ፣ መጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። የተቃና ተራራ፣ ሰማያዊ ሰማይ፣ የተንጋደዱ ቤቶች። ከዚያ ከማከማቻው ገዝተውት ይሆናል፤ ከዓለም ሁሉ መርጠው እናቴ የምትቀመጥበት ወንበር ፊት! ላወርደው ተነሣሁ፤ የክሊኒኩን ኃላፊ ጥሩልኝ ልል አፌን ከፈትሁ።

“ተቀመጭ” አለችኝ እናቴ።

አንገቷን ወደ ግራ ዘመም አድርጋ አየችው፤ እንዲያ ሲታይ ተራራው ወደ ዘማማነቱ ይመለሳል፣ ቤቶቹም ቀጥ ይላሉ። ከዚያ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። ሰው ሁሉ እያያት ግድግዳው ድረስ ሄደች። የቤቶቹን ጣራ በጣቷ እያመለከተች፣ “ወዴት እንዳዘነበሉ አየሽ? ሁሉም ወደሷ ነው” አለችኝ። ጣቷን ከመጨረሻው ቤት ወደ ግራ፣ ቁልቁል አወረደችው። ከተራራው ወጣ፣ ክፈፉን ተሻገረ፣ ምንም የሌለበት ባዶ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ቆመ። መዳፏን ዘርግታ አሳረፈችበት።

“እዚህ ነች” አለች። “እዚሁ ነች ልጄ። እነሱ ናቸው ያልደረሱባት።”

ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴ ደም ግፊቷን ወደደችው። ቶር፣ ቀጠሮ፣ ባይኖራትም ትሄዳለች። ከግድግዳው ሥር ያለችው ወንበር የሷ ሆነች፤ ሰው ከተቀመጠባት ቆማ ትጠብቃለች። ወደ ክፍሉ ስትገባ መጀመሪያ ከሩቅ አንገቷን ዘመም አድርጋ ሰላምታ ትሰጣለች፤ ነርሷ አንገቷን ያመማት መስሏት ራጅ ይነሣ ብላ ወረቀት ጽፋልን ነበር። ከዚያ ትቀመጥና እጇን ወደ ጎን አንሥታ ግድግዳውን ትዳብሳለች። አንዳንዴ ታወራታለች፤ ዝናብ መጣ፣ የስንዱ ልጅ ወታደር ሆነች፣ ዘንድሮ ጾሙ ቀለለኝ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ወሬ። እጇ ቅቤ ቅቤ ይል ነበርና ቦታው እየወዛ፣ እየጠቆረ፣ መዳፍ የሚያህል ጥላ ሆነ። እሷ ካረፈች በኋላ እኔ ወረፋ ስጠብቅ እዚያች ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሁለቱም እዚያ ነበሩ፤ እናቴ የተቀበረችበት ናታንያ መካነ መቃብር ስሄድ እንኳ እንደዚያ አይቀርቡኝም ነበር።

እንግዲህ ያንን ነው ቀብተው የጠበቁኝ። ወደ ጠረጴዛው ሄድሁ። የተቀመጠችው የኛው ልጅ ናት፤ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ ጥፍሯን ቀለም ተቀብታ፣ እዚሁ የተወለደች።

“ማን ነው ይህን ያስቀባው?” አልኋት።

“ሀንሃላው ነው እማማ፣ ከላይ ያሉት። እዚያ ጥግ ላይ ክቴም ነበር እኮ፣ ትልቅ እድፍ። ሰው እጁን እየጠረገበት ይሁን ምን፣ እንጃ። አሁን ናኪ፣ ንጹሕ ሆነ፣ አያምርም?” አለችኝ ፈገግ ብላ።

ልጮህባት ነበር። አፌ ድረስ የመጣ ነገር ነበረኝ። ግን እሷ ምን ታውቃለች፤ እናቴ ብትሆን ተያት ትለኝ ነበር። አንዱ ነጫጭ ነገር ይላል፣ አንዷ እድፍ ትላለች፤ እናቴ ልጇን ባሳረፈችበት ሁሉ የሚያጸዳ አይጠፋም። ወደ ግድግዳው ሄድሁ። ፎቶው ወለሉ ላይ እንደተደገፈ ነው፤ ቤቶቹ ዛሬም ወደ ግራ አዘንብለዋል። ሚስማሩን አየሁ፤ ከሚስማሩ ወደ ግራ በስንዝር ለካሁ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ወንበሯ ራስ። ቦታውን እጄ ያውቀዋል። መዳፌን ዘርግቼ አሳረፍሁበት፣ ጫን አደረግሁት።

“እማማ! ኧረ እማማ!” ልጅቱ ከወንበሯ ተነሣች። “ቀለሙ አልደረቀም!”

“አውቃለሁ ልጄ” አልኋት፤ እጄን ግን አላነሣሁም።